ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና የሞተር ትምህርት



በዚህ መጽሔታችን ላይ በየዓመቱ የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ መውጣቱ የቆየ ልማድ ነው። ከእኔ በፊት የጻፉት ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የነገሥታትንና የጦር አለቆችን ታሪክ አቅርበውልናል፤ ይህም የሚያስመሰግናቸው ነው። እኔ ግን በዚህ ዓመት በአንደበቱ የታወቀ፣ ሆኖም እጁን በዘይት ለማጥቈር ያላፈረ አንድ የሸዋ ሰው መርጫለሁ። እኒህም ሰው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ነጋድራስ ተሰማን ሕዝቡ የሚያውቃቸው በግጥማቸውና በዘፈናቸው ነው። ሽማግሌዎች ስማቸውን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ፤ ከሰምና ወርቅ ግጥሞቻቸውም አንዱን ያስታውሳሉ። ነገር ግን እኒህ ባለቅኔ የአውቶሞቢልን ሞተር ፈትቶ መግጠምን በውጭ አገር ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ መሆናቸውን የሚያውቅ ብዙ አይደለም። እኔን ይህን ታሪክ እንድመረምር ያነሣሣኝ በአጎቴ ግቢ የቆመ፣ ሞተሩ የሞተ አንድ አሮጌ አውቶሞቢል ነው፤ ስለ እርሱ ግን ከታሪኩ በኋላ በቦታው እናገራለሁ።

ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. ገደማ በምንጃር ተወለዱ። ምንጃር ዛሬ ከእኛ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ጋር በአንድ በሰሜን ሸዋ ውስጥ የሚገኝ አገር ነው። የእኛ አገር ውርጭ የሚወርድበት፣ ገብስ የሚዘራበትና በግ የሚረባበት ደጋ ሲሆን፣ የእነርሱ ደግሞ ሞቅ ያለና በጤፉ የታወቀ ነው። የአየሩ ጠባይ ቢለያይም ታሪኩ አንድ ነው፤ የሸዋ ነገሥታት የትውልድ ሐረግ የሚመዘዘው ከመንዝ፣ ከአጋንቻ ከተነሡት ከነጋሢ ክርስቶስ ነውና። ከዚሁ ሐረግ የተወለዱት ዳግማዊ አፄ ምኒልክም የተወለዱት በ1836 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን አጠገብ በምትገኘው በአንጎለላ ነው።

ተሰማ ያደጉት አዲስ አበባ ገና በምትቆረቆርበት ዘመን ነው። መሰንቆ መምታት፣ ማቅራራት፣ መፎከርና ግጥም መደርደር ይችሉ ነበር። በዚያ ዘመን ቃል የሚያውቅ ሰው በመኳንንቱ ዘንድ ይወደዳል፤ ነገሩን በሰም ሸፍኖ ወርቁን ለአስተዋይ የሚተው ሰው ደግሞ ይፈራልም። ተሰማ ከእንዲህ ያሉት ነበሩ። እንግዲህ ይህ ሰው በሠላሳ ዓመቱ ገደማ መሰንቆውን ይዞ የቤተ መንግሥት ተጫዋች ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። አልቀረም፤ ዘመኑ ወደ ሌላ ነገር ጠራው።

ዘመኑን ለመረዳት የአፄ ምኒልክን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ምኒልክ የመሣሪያ ነገር ሁሉ ያስደስታቸው ነበር። ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባለውን የስዊስ መሐንዲስ በአንኮበር ተቀበሉት፤ እርሱም ብዙ ዓመት አገልግሏቸዋል። በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡር እንዲሠራ ፈቀዱ። ባቡሩም ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሰርኪስ ቴርዝያን የሚባለው አርመናዊ በእንፋሎት የሚሠራ መንገድ መዳመጫ መኪና ወደ አዲስ አበባ አስመጣ፤ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር ብሎ ሰየመው።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። አንዱን ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ሌላውን ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ አመጡት። ካርል ቤንዝ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1886 የመጀመሪያውን አውቶሞቢል በስሙ ካስመዘገበ ገና ሃያ ሁለት ዓመት ያህል ነበር። ስለዚህ ይህ መሣሪያ ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለአውሮፓ ገበሬም አዲስ ነገር ነበረ።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ እስቲ የዚያን ጊዜውን ችግር በዓይነ ኅሊናህ ተመልከት። ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ቆሟል፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነውና። ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው 470 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የግመልና የበቅሎ መንገድ ነው። ቤንዚኑና ዘይቱ በእንስሳ ጀርባ ተጭኖ መምጣት አለበት። የመለዋወጫ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ የለም። ከሁሉም የሚከፋው ግን ሌላ ነው፤ መኪናው ባንድ ማለዳ ማኖቬላው ቢዞር አልነሣም ቢል፣ ከውጭ አገር ሰው በቀር ክዳኑን ከፍቶ ሕመሙን የሚያገኝለት አልነበረም። ያ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ የተመለሰ ዕለት አውቶሞቢሉ በቤተ መንግሥት ግቢ የሚቆም ያማረ ብረት ሆኖ ይቀራል።

በእኔ አስተያየት የአፄ ምኒልክ አስተዋይነት የታየው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ብቻውን ጥቅም እንደማይሰጥ፣ ከሞተሩ ጋር ሞተሩን የሚያውቅ የአገር ሰው እንደሚያስፈልግ ተረዱ። ስለዚህም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ገደማ ተሰማ እሸቴ የአውቶሞቢል መንዳትንና የመካኒክነትን ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ። ከጀርመን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈረመው በ1897 ዓ.ም. ነበርና መንገዱ ተከፍቶ ቆይቶ ነበር።

ዛሬ ሾፌር ስንል መሪ የሚያዞረውን ሰው ብቻ እናስባለን። ቃሉ ግን ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ መነሻው በእንፋሎት መኪና ላይ እሳት የሚያነድደው ሰው ነው። በዚያን ዘመን ሾፌርና መካኒክ አንድ ሰው ነበሩ። መንዳት የሚማር ሰው ካንዴላው ብልጭታ መስጠቱን መመርመር፣ ካርቡራተሩን አውርዶ ማጠብ፣ ፍሪሲዮኑን ማስተካከል፣ ጎማውን ከቸርኬው አውጥቶ መጠገን ነበረበት። የማኖቬላውም አያያዝ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር፤ ሞተሩ ወደ ኋላ የመለሰ እንደሆነ የሰው ክንድ ይሰብራልና። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ የተከበረ፣ በአገሩ በቃሉ የሚፈራ ሰው በማያውቀው ቋንቋ እየተነገረው ከብረት ሥር ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ሀ ብሎ መጀመሩ ቀላል ነገር አይደለም። በአገራችን የእጅ ሥራ የሚንቅ ሰው በበዛበት በዚያ ጊዜ ደግሞ ነገሩ እጥፍ ድርብ ይከብዳል። ተሰማ ግን ይህን ተቀበሉት።

በጀርመን አገር ሳሉ ስማቸውን ለዘለዓለም ያስቀረ ሌላም ሥራ ሠሩ። ድምፃቸው በሸክላ ተቀረጸ። ይህም በኢትዮጵያዊ ዘፋኝ ከተቀረጹት የመጀመሪያዎቹ የንግድ ሸክላዎች የሚቈጠር ነው። የቀረጻው አሠራር ራሱ ትምህርት የሚሰጥ ስለሆነ ባጭሩ ላስረዳ። በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን በቀረጻ ሥራ ላይ አልዋለም። ዘፋኙ በአንድ ትልቅ ቀንድ መሰል ቱቦ ውስጥ ይዘፍናል፤ በቱቦው ጫፍ ያለው ስስ ሽፋን ሲንቀጠቀጥ መርፌው በሚሽከረከር የሰም ገበታ ላይ መስመር ይጭራል። ከዚያም ሰሙ በብረት ይለበጥና ከብረቱ ላይ ብዙ ሸክላ ይታተማል። በሰምና ወርቅ የታወቀው ባለቅኔ ድምፁን በእውነተኛ ሰም ላይ ጽፎ፣ ከሰሙ ሥር ብረት ወጣለት ማለት ነው።

ተሰማ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የላኳቸው ንጉሠ ነገሥት በጽኑ ሕመም ተይዘው ነበር። አፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሥልጣኑም ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ ልጅ ኢያሱ አለፈ። ተሰማ የልጅ ኢያሱ የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። ነጋድራስ የሚለውን የነጋዴዎችና የገበያ አለቅነት ማዕረግም አገኙ። ሆኖም በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ በጥቅምትም እዚሁ በእኛ በሸዋ፣ በሰገሌ ሜዳ ታላቅ ጦርነት ሆኖ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ተሸነፉ። ከጌታው ጋር የወጣ ከጌታው ጋር ይወርዳልና የነጋድራስ ተሰማም ዕድል ዐብሮ ወደቀ። በ1914 ዓ.ም. ልጃቸው ይድነቃቸው ሲወለድ በጅማ ነበሩ።

ይህ ልጅ በኋላ በኳስ ጨዋታ የኢትዮጵያንም የአፍሪካንም ስም ያስጠራው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። በ1954 ዓ.ም. አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ቡድኑን ያሠለጠነ፣ በኋላም እስከ ዕለተ ሞቱ የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ የሠራ ሰው ነው። የአባቱንም ግጥሞች ሰብስቦ ሰምና ወርቅ በሚል መጽሐፍ ለትውልድ አስቀርቷል።

ነጋድራስ ተሰማ ረጅም ዕድሜ አገኙ። በጥቂት አውቶሞቢል የተጀመረው ነገር አገር ሲሞላ በዓይናቸው አዩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አልፎ የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ ሰንጥቆ ወደ ደሴ የሚወርደው የመኪና መንገድ ተሠራ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ የሚሉት የጋራዥ ቃሎቻችንም ከጣልያንኛ የወረስናቸው ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ በ1957 ዓ.ም. ዐረፉ። ከሞቱ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ገደማ፣ እነዚያ የጀርመን አገር ቀረጻዎች እንደ ገና በፈረንሳይ አገር ታትመው ወጡ፤ ድምፃቸውንም ዛሬ መስማት ይቻላል።

አሁን በአጎቴ ግቢ ወደ ቆመው አውቶሞቢል ልመለስ። አጎቴ በመሐል ሜዳ የሚሠራ መካኒክ ነው። መኪናው ፊያት 124 ስፓይደር ይባላል፤ ጣራው የሚታጠፍ የስፖርት መኪና ነው። ይህ ዓይነት በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1966 ጀምሮ በጣልያን አገር የተሠራ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሞተሩ 1438 ሴንቲ ሜትር ኩብ ስፋትና 90 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከእኛ በፊት የያዘው ሰው ውሃውን ሳያፈስ በኅዳር ውርጭ አቁሞት ኖሮ፣ ውሃው በሌሊት በረዶ ሆኖ የሞተሩን አካል ሰንጥቆታል። ውሃ በረዶ ሲሆን እንደሚሰፋ በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን በዚህ ብረት ላይ በዓይናችን አየነው።

አጎቴ ሌላ ሞተር ለመግዛት የመደበው ገንዘብ የበጎች ሽያጭ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ገንዘብ ስለሆነ፣ ሞተሩ ተገዝቶ አልገጥም ቢል መኪናው ለቆራሌው በኪሎ ከመሸጥ በቀር ሌላ ተስፋ የለውም። በዚህ ሥራ ላይ እጃችንን ልናፍታታ ያሰብን አምስት ተማሪዎችም ዕድላችን ዐብሮ ይሸጣል። ስለዚህ በመካከላችን ብርቱ ክርክር ተነሣ። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ ከጭነት ፒካፕ የወረደ የናፍጣ ሞተር ይግባበት ይላሉ፤ ጉልበት አለው፣ ናፍጣም ይቈጥባል ባዮች ናቸው። እኔና ሌላው ጓደኛዬ ግን ከላዳ ታክሲ የወረደ የቤንዚን ሞተር ይሻላል አልን።

ምክንያታችንን ላስረዳ። የናፍጣ ሞተር በከፍተኛ ግፊት ስለሚሠራ አካሉ ወፍራምና ከባድ ነው። ቀላል ሆኖ የተሠራን የስፖርት መኪና አፍንጫው ላይ ከባድ ብረት ብንጭንበት፣ የፊት ሞላውን፣ ፍሬኑንና ሻንሲውን ሁሉ መለወጥ ሊያስፈልግ ነው። ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። ላዳ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ከፊያት ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል መሠረት በሶቪየት አገር መሠራት የጀመረ፣ መሠረቱም ያው ፊያት 124 የሆነ መኪና ነው። የሞተሩ ንድፍ ሌላ ቢሆንም መጠኑና ክብደቱ ይቀራረባል፤ በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመት ታክሲ ሆኖ ስለሠራም ዕቃውንም የሚያውቀውንም ሰው ማግኘት አይቸግርም።

የአገራችን ከፍታም መታሰብ አለበት። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተር የሚኖረው በሚስበው አየር ስለሆነ፣ 70 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ተራ ሞተር እዚህ ሲደርስ 50 ያህል ቢሰጥ ነው። ቤንዚኑም ለቀጭኑ አየር እንዲመጠን የካርቡራተሩ ዢግለር አነስ ማለት አለበት፤ አለዚያ ጥቁር ጭስ እያወጣ ቤንዚን ይበላል። ውሃም በእኛ አገር በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለን በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አጥብቆ የሚይዝ መሆን ይኖርበታል።

ክርክሩ በረታ ጊዜ የነጋድራስ ተሰማን ታሪክ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ምኒልክ ከብረቱ ጋር ዕውቀቱን እንደ ፈለጉ፣ እኛም ከመግዛታችን በፊት እንወቅ አልኳቸው። አጎቴም ይህን ሐሳብ ወደደው፤ ገንዘቡም ለጊዜው ከሣጥኑ እንዳይወጣ ወሰነ። በዚህም መሠረት የሚከተለውን ተራ አወጣን። መጀመሪያ የተሰነጠቀው ሞተር ይወርዳል፤ የሞተሩ ቦታ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተለክቶ በወረቀት ይነደፋል። ሁለተኛ፣ የሚገዛው ሞተር ከነካምቢዮው እንዲሆን ይደረጋል፤ ሁለቱን ከተለያየ መኪና ማጋባት ሌላ ጣጣ ያመጣልና። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሞተሩ በእኛ ወረቀት ላይ ካለው ልክ ጋር ይመሳከራል፤ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊትም ይለካል። አራተኛ፣ የሞተሩ መቀመጫና ወደ ኋላ እግር ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ርዝመት ይወሰናል። አምስተኛ፣ በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ስለሚለወጥ፣ የግዢው ደረሰኝ ተይዞ ለውጡ በሕግ እንዲመዘገብ ይጠየቃል።

ልኬቱን ጨርሰናል። የናፍጣ ሞተር ይግባ ይሉ የነበሩት ጓደኞቼም በነደፉት ሥዕል ላይ የሞተሩ ራስ ከክዳኑ በላይ እንደሚወጣ በገዛ እጃቸው ለክተው ስላገኙት ነገሩ ያለ ጠብ ተፈጸመ። ላዳውን ፍለጋ ከዝናቡ በኋላ ይጀመራል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ካወቁት ሥራ ወዳላወቁት ሥራ ሲሄዱ ክብራቸውን አላስቀደሙም፤ መሰንቆውንም አልጣሉም። አንድ ሰው ባለቅኔም መካኒክም ሊሆን እንደሚችል አስተምረውናል። ወላጆቻችንም ልጃቸው ከጋራዥ በዘይት ጨቅይቶ ሲመጣ ትምህርቱን እንደ ተወ አይቍጠሩት እላለሁ። የምንጃሩ ሰው ጀርመን አገር ድረስ ሄዶ በዚያ ቀዝቃዛ ብረት ሥር የተንበረከከው ለዚሁ ትምህርት ነበርና። እኛ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ልጆች ደግሞ ሞተሩ እደጃችን ቆሞልናል፤ የቀረን መማሩ ነው።